በግድቡ ዙሪያ ሁለት ደመኞች

ወረታ ከተማ ውስጥ ሳይክል መንዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ንስሐ ቢገባ ይሻለዋል። ቀልዴን አይደለም። የባሕር ዳሩ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙት እኛው ደጅ ነው። የጭነት መኪናው በአንድ በኩል ይመጣል፤ ባጃጁ በሁሉም በኩል ይመጣል። በመካከሉ ጋሪ አለ፣ ላም አለች፣ የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ ፊቱን የማያይ ሰው አለ። እኔ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ?

ታዲያ ሐኪሙ ስኳር አለብህ፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ ሲለኝ ሳቅሁ። ወዴት ነው የምንቀሳቀሰው? በክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ነው። በበጋ መንገዱ መኪና ነው። ሐኪሙ አልሳቀም። ባለቤቴ ትርንጎም አልሳቀችም። ከቤት እንደገባን ባሕር ዳር ላለው ልጃችን ለሙሉቀን ደውላ ነገረችው። እኔ አልደወልሁም። በዚያን ጊዜ እኔና ሙሉቀን የምንነጋገረው በእናቱ በኩል ነበር። "እንዴት ነህ በይው" እላለሁ። "ደህና ነኝ በይው ይልሃል" ትለኛለች። በዚህ ዓይነት ሰው ስንት ዘመን ይኖራል? ይኖራል እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉቀንን ባሕር ዳር ኮሌጅ ያስገባነው መሐንዲስ ይሆናል ብለን ነው። ብለን ብቻ አይደለም፤ ሩዝ ሊያስፈለፍል ለመጣ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ልጁ ግን ትምህርቱን ትቶ ሳይክል ጠጋኝ ሆነ። ባሕር ዳር የሳይክል አገር ናት፣ እንጀራ አያጣም፤ እሺ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ይህን ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር። መምህር አዲሱ ይባላል፤ ይፋግ ነው የሚያስተምረው። ሙሉቀንን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው፤ ለእኔ አበልጄ ነው። ልጁ ሄዶ አማክሮታል። እሱም ልብህ ካላረፈበት ተወው ብሎታል። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔ የሰማሁት ከወፍጮ ደንበኛ ነው። ጆንያውን እያወረደ፣ ልጅህ ባሕር ዳር ጎማዬን ጠገነልኝ፣ እጁ ይባረክ አለኝ። ሰው እየሰማ።

ከዚያ ወዲህ ከአበልጄ ጋር ተኳረፍን። ተጣላን እንዳላልሁ ልብ በሉልኝ። ጠብ ጩኸት አለው፤ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ያልቃል። ኩርፊያ ግን እንደ ቤት ዕቃ ጥግ ይዞ ይኖራል። አዲሱ በገበያ ቀን ወረታ ሲመጣ፣ እኔ ሚዛኑን አያለሁ፣ እሱ የመድኃኒት ቤቱን ማስታወቂያ ያነብባል። ከተማ ለተኳረፈ ሰው ምቹ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ነገር አይጠፋም።

ሙሉቀን ለእናቱ ሳይክል ላከላት። ለእሷ አይደለም፤ ለእኔ ነው፤ ግን ለእሷ ላከ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከስንት አሮጌ ሳይክል የተገጣጠመ፣ እንደ አዲስ የሚሽከረከር ነገር ነው። መልእክትም ነበረው። አባዬ ወረታ ውስጥ እንዳይነዳ። ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ጣራ አስጭኖ ወደ ርብ ግድብ ይውጣ። እዚያ መኪና የለም። ውሃውን በግራ በኩል ይዙር፤ ነፋሱ ከኋላ ይሆንለታል። ይህን ሁሉ ትርንጎ ቃል በቃል አደረሰችልኝ።

ሄድሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የመጀመሪያዋን ጠዋት አልረሳትም። በልጅነቴ ነድቼ ነበርና እግሬ አልረሳውም፤ ወገቤ ግን ረስቶታል። ግድቡ ሲሠራ የተጠረገው ኮረኮንች መንገድ ሲያልቅ የከብት መንገድ ይቀጥላል። በአንድ ወገን እስከ ተራራው ሥር የተኛ ውሃ። በሌላው ወገን ገደላገደልና የታጨደ የጤፍ ማሳ። የመኪና ጥሩንባ የለም። የገዛ ትንፋሼን ሰማሁት። ከወፍጮው ጩኸት ሥር ስንት ዓመት ተደብቆ ኖሮ፣ ለካ ትንፋሽ ነበረኝ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ከማዶ ካለችው መንደር አጠገብ ስደርስ፣ ከፊት ለፊቴ ሌላ ሳይክል መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ጉልበቱን ወደ ውጪ ገልበጥ አድርጎ የሚነዳ ሰው። ያንን ጉልበት አውቀዋለሁ። አዲሱ ነው።

አሁን ዓይን የት ይሂድ? ሚዛን የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ባጃጅ የለ። ሁለት ሰውና አንድ መንገድ። እኔ ውሃውን አየሁ። እሱ ተራራውን አየ። ክንዳችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። አለፍን።

ያን ቀን የቀረው መንገድ አላለቀልኝም። በባዶ አገር ሰው አግኝቶ እንዴት አደርህ ሳይሉ ማለፍ እንዴት ያለ ነገር ነው? ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ ይባላል።

ለምን በሚቀጥለው ቅዳሜ በቀኝ አልዞርህም ትሉኝ ይሆናል። አሰብሁበት እኮ። በቀኝ ከዞርሁ የእሱን አቅጣጫ መያዜ ነው፤ ከኋላው ተከትዬው ልሄድ ነው። ደግሞስ ፈርቶኝ መንገድ ለወጠ ቢልስ? በግራ ዞርሁ። እሱም እንዲሁ ሳያስብ አልቀረም። በጋውን ሙሉ እዚያችው መንደር አጠገብ ተላለፍን፤ እኔ ውሃውን፣ እሱ ተራራውን እያየን። አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። መንደሯ ጋ ስደርስ ዝግ አልሁ። ትንሽ ቆምሁ። ሰላም የማልለውን ሰው እየጠበቅሁ ነበር። አሞት ይሆን እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ሩዝ ሲፈለፈል አላየሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንደሯ ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ዱላ የያዙ ጎልማሶች ቆመዋል። አንዱ የሳይክሌን መሪ ያዘና በትሕትና፣ ይውረዱ ጌታው አለኝ። ከወዲያ አዲሱን እንዲሁ አውርደውታል። ደህና መሆኑን ሳይ፣ በዚያ ሁሉ ዱላ መካከል፣ ደስ አለኝ።

ዋርካው ሥር ቄስ ዓለሙ የሚባሉ የደብሩ ካህን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አያ ወርቁ የሚባል የአገር ሽማግሌ አለ። መስቀል ተሳለምን። ፊት ለፊት አስቀመጡን። ቄሱ ሁለታችንንም አዩንና፣ "በመካከላችሁ ያለው ደም የማን ነው?" አሉ።

አያ ወርቁ ነገሩን ዘረጋው። በጋውን ሙሉ አይተውናል። እዚያ ማሳ የለን፣ ዘመድ የለን፣ ገበያ አንሄድ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ውሃውን እንዞራለን፤ ስንገናኝ ፊት እንዟዟራለን። በእነሱ አገር እንዲህ የሚሆነው ደመኛ ነው። አንዱ አንዱን እየዞረ ያድነዋል ብለው ደምድመዋል። የትኛው አዳኝ፣ የትኛው ታዳኝ እንደሆነ ግን መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። የሚበዙት ገዳዩ ወፍራሙ ነው ብለዋል፤ ይኸውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ደማችሁን በእኛ ምድር አታፍስሱብን፣ እናስታርቃችሁ ነው ነገሩ። በግም አዘጋጅተዋል። ዋርካው አጠገብ ታስሮ ቅጠል ይበላል።

"ደም እንኳ የለም አባታችን" አልሁ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አዲሱን አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ነገሩን መናገር ጀመርሁ። ወረታ ላይ ይህን ነገር ስናገር ቤት ይሞላ ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ሰለለብኝ። ልጁ ትምህርት ተወ፣ አበልጄ እያወቀ ደበቀኝ፣ አልሁ፤ አለቀ።

ቄሱ ልጁ ሞተ ወይ አሉ። የለም፣ ደህና ነው። ታሰረ? አልታሰረም። አካሉ ጎደለ? አልጎደለም። ይሠራል? ይሠራል። እናቱን ይጠይቃል? በየቀኑ ይደውልላታል።

አያ ወርቁ ግራ ገባው። "አባ፣ ታዲያ ደሙ የቱ ጋ ነው?"

ቅር ያለው ሰው ነበር፤ በፊቱ አይቻለሁ። ያኔ አዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"አበልጄ" አለኝ፣ "ልነግርህ ከይፋግ ተነሥቼ መጥቼ ነበር። ወፍጮ ቤትህ በር ላይ ደርሼ ቆምሁ። ለሰው ስለ ሙሉቀን እያወራህ ነበር። ፊትህ በርቶ ነበር። ያንን ፊት ማጥፋት አቃተኝና ተመለስሁ።"

ቄሱ ተነሡ ሲሉን ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ተቃቀፍን። ባርኔጣው ወደቀ፤ ከዚያ ማን አንሥቶ እንደሰጠው እንጃ።

በጉ ታረደ። ለደም የመጣ በግ ለኩርፊያ አይታረድም የሚል አልጠፋም፤ ቄሱ ዝም አሰኙት። እየበላን አያ ወርቁ ይህን ጎማ ከየት አመጣችሁት ብሎ ጠየቀ። ሁለታችንም በአንድ ቃል ሙሉቀን አልን። የአዲሱም ሳይክል የልጄ እጅ ሥራ ነበር። ለካ ለአዲሱም ቅዳሜ ጠዋት ውጣ፣ ውሃውን በቀኝ ዙር፣ ነፋሱ ከኋላ ይሆንልሃል ብሎታል። እኔን በግራ። ቀና ብለን ዋርካውን አየን። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

እኔ በመጣሁበት መንገድ አብረን ተመለስን። ጎን ለጎን ነዳን፤ መኪና የለ፣ ማን ይከለክለናል? ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ባለቤቱ ወንድም ያወራልኛል። አላባራም። ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

አሁን አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። በገበያ ቀን የማላውቀው ሰው ወፍጮ ቤት መጥቶ እጄን ያዘና እንኳን ለዕርቁ አበቃህ አለኝ። ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ የሞተው ወንድምህ ነው ወይስ የእሱ ብሎ ጠየቀኝ። ወረፋ አልጠብቅም እያለ ሁልጊዜ የሚጨቃጨቀኝ ደንበኛ ዳር ላይ ቆሞ ተራውን ጠበቀ። የለም፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ እውነተኛውን ላስረዳ ሞከርሁ። አንድም ሰው ጨርሶ አልሰማኝም። ስለዚህ ተውሁት። ትንሽ ፊቴንም ኮስተር አደረግሁ፤ ምን ላድርግ?

በዚያው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። የእኔ ስልክ ነው፣ የትርንጎ አይደለም። ወፍጮውን አስቁሜ አነሣሁት።

"አባዬ" አለ ሙሉቀን። ድምፁ ቀጥኗል። "ማንን ነው የገደልኸው?"

ሳቅ አነቀኝ። ማንንም አልሁት። የማወራውን ፈልጌ ሳጣ፣ የሳይክሉ ካቴና ይንጫረርብኛል፣ እዚህ የሚያውቅበት ሰው አጣሁ አልሁት።

ጉሮሮውን ጠረገ። ዳገት ስትወጣ ነው ወይስ ቁልቁለት ስትወርድ፣ ብሎ ጠየቀኝ።