በቄስ ምናሴ ቤት የተገኘችው እመቤት

የእኛ አገር ሰው ስለ ጎረቤቱ የማያውቀው ነገር የለም። ላሙ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ ሚስቱ በምን እንዳኮረፈች፣ ወጡ ለምን እንዳረረ፣ ሁሉንም ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ጎረቤቱ የሚያነበው መጽሐፍ ምን እንደሚል ግን ጠይቁት። «እሱን እንኳ ምኑን አውቄው!» ይላችኋል። አለማወቁ ግን ከመፍረድ አያግደውም። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። ያውም መጽሐፍ መጻፍ እንጀራዬ ሆኖ!

አዎ፣ ጸሐፊ ነኝ። የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ ጣቱን የሚያንጣጣው ዓይነት አይደለሁም። የፍየል ቆዳ ፍቄ ብራና የማወጣ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም የምበጠብጥ፣ በመቃ ብዕር ዳዊት የምገለብጥ የወረታ ጸሐፊ ነኝ። ፊደሉ ሐር ይመስላል ይሉኝ ነበር። ይሉኝ ነበር ያልሁት ትሕትና ይዞኝ ነው እንጂ ዛሬም ይሉኛል።

እንግዲህ በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ክረምት ላይ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ዳዊት አዘዙኝ። አንደኛዋ እሜቴ ጥሩወርቅ ናቸው። አንድ ልጃቸው ታሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ተነክሮ ሲድንላቸው፣ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳዊት አገባለሁ ብለው ተስለዋል። ስለቱም ለኅዳር ጽዮን መድረስ አለበት። እሜቴ ጥሩወርቅ ደግሞ የሚያጫውቱ ሴት አይደሉም። አንድ ሸማኔ ነጠላቸውን አንድ ጣት ቢያሳጥርባቸው፣ ከወረታ እስከ አንበሳሜ ገበያ ስሙን አጥፍተውት ሰውየው ሽመናውን ጥሎ እርሻ ገብቷል።

ሁለተኛው ቄስ ምናሴ ናቸው። ቄስ ስላቸው የእኛ ቄስ እንዳይመስሏችሁ። ርብን ተሻግሮ ካለው ጉብታ ላይ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው። እኛ ያን ጊዜ ፈላሻ እንላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ስሙን አይወዱትም። የሙሴን ሕግ የሚጠብቁ፣ ቅዳሜን እሳት ሳያነዱ የሚያከብሩ የአይሁድ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። ማረሻችንን የሚቀጠቅጡልን እነሱ፣ ገንቧችንን የሚሠሩልን እነሱ፤ ስናማቸው የምንውል እኛ።

ቄስ ምናሴ ዳዊቱን ሲያዙ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። መጀመሪያው ላይ «በስመ አብ» እንዳይኖር፣ በምትኩ የእስራኤል አምላክ ይባረክ ተብሎ እንዲጀመር። መጨረሻው ላይ ደግሞ እኛ ከዳዊት ጋር አብረን የምንጠርዘው ውዳሴ ማርያም እንዳይገባ። «መካከሉ የሁላችንም ነው ልጄ። ዳርና ዳሩን ብቻ ተውልኝ» አሉኝ።

ሁለቱንም ጻፍሁ፣ ጠረዝሁ፣ ልባሳቸውን በቆዳ ደጎስሁ። በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ማኅደርም ሠራሁላቸው፤ የእሜቴን ቀይ፣ የቄስ ምናሴን ጥቁር። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ! ገበያ ረፈደብኝ ብዬ ስጣደፍ የእሜቴን በቄስ ምናሴ፣ የቄስ ምናሴን በእሜቴ ማኅደር አጎረስሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኔ ነው። ሁለቱንም ወስጄ የወረታው ነጋዴ የሰይድ ሱቅ አስቀመጥሁ። ሰይድ ሙስሊም ነው፣ ሱቁ ግን የሁሉም ነው። ጨውና ላምባ የማይገዛ ሃይማኖት የለምና፣ በአንድ ማዕድ የማንቀመጥ ሰዎች ዕቃ የምንቀባበለው እዚያ ነበር። «ቀዩ ለእሜቴ፣ ጥቁሩ ለቄስ ምናሴ» አልሁት። ሰይድም የታመነ ሰው ነውና ሳያዛንፍ አደረሰ። የታመነ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያስፈጃል።

ኅዳር ከገባ በኋላ ሰይድ ቤቴ ድረስ መጣ። እኔ የለሁም፤ የተቀበለችው ሚስቴ በላይነሽ ናት። ሰይድም የተላከውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አስቀመጠላት፤ «ቄስ ምናሴ እንዲህ ብለዋል። አንዲት እመቤት በስህተት እኔ ቤት መጥታለች። ክብሯ ሳይነካ መጥቶ ይውሰዳት።»

ስመለስ በላይነሽ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማለች። «የቷ እመቤት ናት?» አለችኝ። ምን ልበል? እመቤት የለኝም አልኋት። «ካንቺ በቀር» የሚለውን ዘግይቼ ጨመርሁት፤ መዘግየቴ ነገሩን አባሰው። «እሷማ ሰው ቤት ተቀምጣ ክብሯ እንዳይነካ ይጨነቁላታል! ለእኔ ክብር የተጨነቀ ማን አለ?» ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ እንደ ቆሎ ተማሪ እመቤት፣ እመቤት እያልሁ ቃሏን ሳመላልስ ድንገት በራልኝ።

«እመቤታችን!» ብዬ ጮህሁ።

«ይኸው አመነ!» አለች በላይነሽ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የማኅደር ወለምታስ በምን ይታሻል? ኅዳር ጽዮን አራት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ቀን የደብሩ መሪጌታ የእሜቴን ዳዊት ተቀብለው በሕዝብ ፊት ሊያነቡት ነው። በማርያም በዓል፣ በማርያም ደጅ፣ ለማርያም የተሳለ መጽሐፍ ማርያም የሌለችበት! ሸማኔውስ እርሻ አገኘ፤ እኔን ማን ያሳርሰኛል?

በማግስቱ በጧት ወጣሁ። በላይነሽም በዓይኔ ካላየኋት ብላ ተከተለችኝ። የፎገራ ሜዳ በኅዳር ግማሹ ሽምብራ ግማሹ ጭቃ ነው። እኔ በጭቃው፣ እሷ በሽምብራው ዳር፣ ሳንነጋገር ሄድን። ርብ ስንደርስ ብቻ «ቆንጆ ናት?» አለችኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? አይደለችም ብል ኃጢአት ነው፣ ናት ብል ደግሞ መመለሻ የለኝም። ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃው ገባሁ።

ቄስ ምናሴ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከመንደሩ ዳር ጠበቁን። አልጨበጡንም። በሕጋቸው የሌላ ሃይማኖት ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። ሰላምታቸው ግን በሩቁም ይሞቅ ነበር። «ደኅና ናችሁ? ከብቱ ደኅና? ውሃው አላስቸገራችሁም?» እያሉ ገና ሳይጨርሱ በላይነሽ አቋረጠቻቸው። «አባቴ፣ እመቤቲቱ የት አለች?»

እሳቸውም በንጹሕ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ድንጋይ ላይ አኖሩና ራቅ አሉ። በላይነሽ ብድግ አድርጋ ገለጠችው። ከዳዊቱ መጨረሻ የወጣው የውዳሴ ማርያም ጥራዝ ነው። ፊደል አትቆጥርም፤ ግን ፊተኛው ገጽ ላይ የሣልኋትን እመቤታችንን ከነልጇ ስታይ ተንበርክካ ሳመችና «ይቅር በይኝ» አለች። እኔንም «በለኝ» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

ቄስ ምናሴ ጉዳዩን አስረዱኝ። «ሰንበት ደረሰብኝ ልጄ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁትን ዳዊት ይዤ ሳልጸልይበት ልዋል? ክሩን ፈትቼ አወጣኋት፤ ምላጭ አላስነካኋትም። በስመ አብን ግን ፍቄዋለሁ፣ አትቀየመኝ። ያ መስመር የእኔ ጸሎት አይደለም።» ፈራ ተባ እያልሁ፣ ከእኔ እጅ የወጣ መጽሐፍ እንዴት ንጹሕ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እኔ እታጠባለሁ፤ ቃሉ አይታጠብም። ደግሞ ብራናን ውሃ ብትነክረው ምን እንደሚሆን አንተ ታውቀው የለም?»

ደፈርሁና የቆየ ጥያቄዬን አነሣሁ። ሙሴ ከጻፈው ሌላ መጽሐፍ ትቀበላላችሁ ወይ አልኋቸው። ጎጇቸውን በዱላ አሳዩኝ። «ኦሪት ምሰሶዋ ናት። እሷ ከወደቀች ሁሉ ወደቀ። ዳዊትና ነቢያት ማገሩና ግድግዳው ናቸው። ኩፋሌ፣ ሄኖክ፣ የአባቶች ታሪክ ክዳኑ ነው። ክዳን ምሰሶ አይሆንም፤ ያለ ክዳን ግን ክረምቱን አትወጣውም።»

«ወንጌልስ?» አልሁ።

«እሱ የጎረቤት ቤት ነው» አሉ። ዱላቸውን ወደ ወንዙ ማዶ አዙረው ጨመሩበት። «እንጨቱን ከእኛ ጫካ ቆርጣችሁ የሠራችሁት።»

ጉባኤ ቤት ስንት የክርክር መልስ ተምሬ ነበር፤ አንዱ እንኳ ላግዝህ ብሎ አልመጣም። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰል፣ «ቤትነቱንማ ማን ይክዳል? ሰው ይኖርበታል። ድንጋይ አልወረውርበትም፤ አልገባበትምም» አሉ። በላይነሽ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በትዳራችን ዘመን እኔ ስናገር እንዲህ ነቅንቃ አታውቅም።

ተሰናብተን ዞር ስንል ጠሩኝ። «ማክሰኞ ላይ አንድ መስመር ዘለሃል።»

ቆምሁ። ውዳሴ ማርያም ለየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ ማክሰኞ የሚሉት የማክሰኞውን ክፍል ነው። «አነበቡት እንዴ?» አልሁ።

«እንግዳ ቤቴ ገብታ ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ ልሸኛት? ደግሞ የእናንተ ተማሪዎች ከማዶው ደብር በየጧቱ ሲጮኹበት ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ። ሲጎድል ጆሮዬን ቆረቆረው። መስመሩን አልጻፍሁልህም፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ምልክት ግን አድርጌልሃለሁ።» ገለጥሁ። እውነትም ከዳር አንዲት የቀለም ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ካረፈችበት አንድ መስመር በልቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን አስረዝመዋለሁ? እሜቴ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄጄ ድጉሱ ስለላላ ላጥብቀው አልኋቸው። እሳቸውም ያላላኸው አንተ፣ የምታጠብቀው አንተ እያሉ ሰጡኝ። ቄስ ምናሴ እንዳደረጉት እኔም የመጀመሪያውን መስመር ፍቄ በቀይ ቀለም በስመ አብ አልሁበት። የተዘለለውን መስመር በነጥቧ በኩል አስገባሁ፤ ጥራዙን ሰፋሁ። ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ መጽሐፉ እሜቴ እጅ ነበር።

በበዓሉ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አነበቡ። መሪጌታ ቅስናም ያላቸው፣ እኔንም ያስተማሩኝ ናቸው፤ ከእጄ የወጣን መጽሐፍ ስህተት ሳያወጡለት አሳልፈው አያውቁም። ማክሰኞ ላይ ሲደርሱ ትንፋሼን ዋጥሁ። ማክሰኞን አለፉ። ረቡዕን አለፉ። እሑድን ጨርሰው መጽሐፉን አጠፉና በመነጽራቸው ላይ አሻቅበው አዩኝ። «ይህን አንተ ብቻህን አልሠራኸውም። ማን አረመልህ?»

«አንድ ቄስ ናቸው» አልሁ። ውሸት ነው? ከሴቶቹ መካከል በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትጠቀጥቅ አየኋት።

«የየት ቄስ?»

«ከርብ ማዶ።»

መሪጌታ መስቀላቸውን ወደዚያ አቅጣጫ አንሥተው ባረኩ። «ዕድሜውን ያርዝምልን! ውዳሴዋን እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ለእመቤታችን እንዲህ የሚቆረቆር ቄስ በዚህ ዘመን ከወዴት ይገኛል? ለመጪው ኅዳር ጽዮን ጋብዘህ አምጣልን፤ እዚሁ መካከላችን ገብቶ ይቀድስልን።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እሜቴ ጥሩወርቅም ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «በቅሎዋን እኔ እልክላቸዋለሁ!» አሉ።