ሐጂ ኢድሪስና የናፍጣው መድኃኒት

ሰው ያላየውን ጠላት ይንቃል። እኛ የአሶሳ ሰዎችም ብርድን የምንንቀው ስለማናውቀው ነው። በመጋቢት ፀሐይ ጥላዬ እንኳ ትታኝ ሄዳ ማንጎ ሥር ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር «ናፍጣ በብርድ ይረጋል» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንላለን? ፀሐይ መትቶታል እንላለን።

የእህቴ ልጅ ተሾመ፣ አሶሳ በነርስነት የምትሠራ የደጋው የወንበራ ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ነጋሽ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባቸው ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ለሦስተኛው «ቅዳሜ ፀሐይ ሳትወጣ ከደረሱ እሰማቸዋለሁ፤ ከወጣች ግን እህሌን ጭኜ ገበያ እሄዳለሁ፤ አራተኛ ሽማግሌም አልቀበልም» ብለው ላኩ። ሽማግሌዎቹ እኔና ጎረቤቴ ሐጂ ኢድሪስ ነበርን። ሦስተኛው ጓደኛችን ጉንፋን ፈርቶ ቀረ።

ሐጂ ከአሶሳ በርታ ብሔረሰብ ናቸው፤ ነጋዴ፣ ሲነሣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስስል አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ባለቤት። ስንነሣ መካኒኩ አንድ ጠርሙስ ሰጣቸው። «የናፍጣ መድኃኒት ነው፤ ደጋው ሳይደርሱ ታንኩ ውስጥ ይጨምሩት» አለ። ሐጂ ወንበር ሥር ወሸቁት። መንገድ ላይ አስታወስኳቸው።

«ሐጂ፣ መድኃኒቱስ?»

«ያ ኡስታዝ፣ መኪና ደህና ነው። ጤነኛ መድኃኒት ይጠጣል እንዴ? ሲታመም እሰጠዋለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ «ያ ኡስታዝ» የሚሉኝም «መምህር ሆይ» ለማለት ነው፤ መልሱ ግን ትክክል መሰለኝ። እኔስ ብሆን ጤና ጣቢያ የምሄደው ሰው ተሸክሞኝ አይደለም? እርስዎስ፣ አንባቢዬ?

በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ደብረ ዘይት ገብተን አደርን። የወንበራውን ማለቴ ነው፤ ቢሾፍቱ ሄደው እንዳይጠብቁኝ። ብርዱን አልነግርዎትም፤ አያምኑኝም። ብቻ የአልጋ ቤቷ ባለቤት ጥርሳችን ሲንገጫገጭ ሰምታ «ግቢዬ ውስጥ ወፍጮ የተከለ ማነው?» እያለች ወጥታለች።

ጎህ ሲቀድ ሐጂ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ እኽ፣ እኽ ብሎ ዝም አለ። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ ናፍጣው ማጣሪያው ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቷል።

«አሁን ታመመ!» አሉ ሐጂ፤ ጠርሙሱን በድል አድራጊ ፊት አወጡና ታንኩ ውስጥ ገለበጡት።

ምን ዋጋ አለው! ያ መድኃኒት ናፍጣው እንዳይረጋ ይከላከላል እንጂ የረጋውን አያቀልጥም። ምሥራቁ መቅላት ጀምሯል። የተሾመ ትዳር ማጣሪያ ውስጥ ረግቶ ቀረ።

የአልጋ ቤቷ ባለቤት ለሐጂ ውዱእ፣ ለስግደት መታጠቢያ፣ ብላ አንድ ማሰሮ ውኃ አሙቃ ነበር። ሐጂ ማሰሮውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። «አላህ በቀዝቃዛም ይቀበላል» አሉና የሞቀውን ውኃ፣ ጨርቅ እየነከርንበት ማጣሪያውንና ቧንቧውን እንድናሞቅበት ሰጡ፤ ራሳቸው ሌሊቱን ደጅ ካደረ በርሜል ቀድተው ታጠቡ። የጮኹት ጩኸት ቆላው ግልገል በለስ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሰግደው ሲመለሱ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አሳለ፣ አጉረመረመ፣ ተነሣ! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጥቁር ጭስ አይቼ አላውቅም።

አቶ ነጋሽ ደጅ ስንደርስ ግን ፀሐይዋ ወጥታለች። ዞር ብል እህል የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ አቶ ነጋሽ ግማሽ አካላቸውን ውስጥ ከተው ይራገማሉ። ብርድ ውስጥ ተወልደው ብርድ ውስጥ ያረጁት ሰውዬ፣ ባትሪያቸው በብርድ ሞቶባቸዋል!

ሽማግሌ «ተቀመጡ» እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል፤ ወጉ ነው። ጋቢያችንን አስተካክለን ቆምን።

አቶ ነጋሽ ቀና ብለው አዩን። «ምን ትገተራላችሁ? ግፉ እንጂ!»

ገፋን። ሁለት ያረጁ ሽማግሌዎች አንድ ሙሉ አይሱዙ፤ መቶ ኩንታል ቢሆን ነው እንጂ አያንስም። ቁልቁለቱን ሲይዝ ሞተሩ ተነሣ፤ አቶ ነጋሽም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ሰጥቻለሁ! ቁርስ በልታችሁ ጠብቁኝ!» ብለው ጮኹና በአቧራ ውስጥ ጠፉ።

ሐጂ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ሲያለከልኩ ቆዩ።

«ያ ኡስታዝ፣ ምን ሰጠ? ልጅ ነው መኪና?»

«ልጅቷን ነዋ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ። «መኪና ቢሆን አንቀበልም ነበር።»