የጋሽ ዓምሃ አጀንዳ

ኅዳር 21 ቀን 1974 ነበር። ወይስ 75? ቀኑን አልስተውም፤ የማርያም ዕለት ነበር። ዓመቱ ግን ይጠፋኛል።

በዚያ ዘመን ትዳሩን በስብሰባ የሚመራ ባል የማያውቅ የጉለሌ ሰው አልነበረም። መሥሪያ ቤት ሲሰበሰብ ሰንብቶ እሑድ ሚስቱን ይሰበስባል። የዚህ ወገን ቁንጮ፣ በደባልነት የኖርኩበት ቤት ጌታ፣ በሽሮ ሜዳ የአንድ ሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ ክቡር ጋሽ ዓምሃ ነበሩ።

ከእትዬ የሺ ጋር ሲኳረፉ እንደ ሰው አይጨቃጨቁም። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ተሰብሳቢ ሚስታቸው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኛ!

«አንደኛ አጀንዳ፣ የወጥ ጨው።»

«ጨው ደግሞ ምን ሆነ?»

«ሥነ ሥርዓት! እጅ አውጪ።»

እትዬ የሺ እጃቸውን ያወጣሉ፤ የሽንኩርት ቢላው አብሮ ይወጣል።

ሂስና ግለ ሂስ ይከተላል። «ጥፋቴን አልደብቅም» ይላሉ ጋሽ ዓምሃ፣ «ትዕግሥት አበዛለሁ።»

«የኔ ጥፋት ደግሞ ይህን ቁጭ ብዬ መስማቴ ነው። ጻፍልኝ ልጄ!»

መጨረሻው «ልዩ ልዩ» ነው። እዚያ የሚነሣው የእትዬ የሺ ጉዳይ ምንጊዜም አንድ ነበር። ባላቸው በጽኑ ታመው ሳሉ፣ «ከዳነልኝ ሁለታችንም በእግራችን እንመጣለን» ብለው ለእንጦጦ ማርያም ተስለዋል። ሦስት ዓመት አለፈ። ጋሽ ዓምሃ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከታዩ ጸሐፊነታቸው ያበቃል።

«ጊዜ ስላጠረ ለሚቀጥለው ይተላለፍ!»

አንድ እሑድ እትዬ የሺ እጅ አላወጡም።

«ዓምሃ» አሉ ዝግ ብለው። «ብቻዬን ብሄድ፣ ማርያም ይመጣል ያልሽኝ ባልሽ የታል ብትለኝ ምን ልበላት? ለሚቀጥለው ተላልፏል?»

ጋሽ ዓምሃ «ሥነ ሥርዓት» ሳይሉ የስብሰባ ፋይላቸውን ዘጉት። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የዚያን ዕለት ምንም ስላልጻፍኩ ነው ዓመቱ ዛሬ የሚምታታብኝ።

በዚያው ሳምንት፣ በማርያም ዕለት ማለዳ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ነቃሁ። ጋሽ ዓምሃ በጋቢ እስከ አፍንጫቸው ተሸፋፍነዋል፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን መነጽራቸውንና ከብብታቸው የማይጠፋውን የስብሰባ ፋይል ግን አልደበቁም። እትዬ የሺ ክንዳቸውን ይዘዋል። ፋይሉን ቀስ አድርገው ተቀበሏቸውና ደጃፉ ላይ አስቀመጡት።

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ውሳኔው በስንት ድምፅ እንዳለፈ ልጠይቅ ነበር። ሳልደርስባቸው፣ ጎን ለጎን ሆነው የእንጦጦን ዳገት ተያያዙት።