እንደ ጓሳ የተዘጋው ጥግ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አላረዝምባችሁም። ላርዝም ብልም የአገራችን ብርድ አያስቀምጣችሁም።

በእኛ ጊዜ ትምህርት በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነበር። የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር ድምፃችን ማዶ ካልተሰማ አልተማርንም። ዝም ያለ ተማሪ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ጉንጩ ውስጥ ቆሎ አለ። እኔ ራሴ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁት ጉሮሮዬ ደክሞ እንጂ ጭንቅላቴ ደክሞ አይደለም፤ ቢያንስ ለልጆቼ የማወራው እንደዚያ ነው። የዛሬ ልጆች ግን በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያነቡት። ከንፈር አይነቃነቅ፣ ድምፅ አይሰማ። ታዲያ እያነበበ ይሁን እያንቀላፋ በምን ታውቃለህ?

ልጄ ስትማር መቼም ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበር፤ ዝናብ ቢቀር ስብሰባ አይቀርም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ወላጅ ተጠራ። መምህሩ ተነስተው «ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ እንዲያጠኑ ምቹ ሁኔታ ፍጠሩ» አሉ። ምቹ ሁኔታ! ለገብሱም ለበጉም ለመንገዱም ምቹ ሁኔታ ሲፈጠር ከርሞ፣ አሁን ተራው የልጄ የስንዱ ሆነ። እጄን አወጣሁና «እሱ ነገር ቤት ሲገባ ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንድ ጥግ ይስጧት። ጸጥታ ይኑር። በቃ።»

ስንዱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። ካለፈች መሐል ሜዳ ከተማ ሄዳ ዘጠነኛ ትገባለች። ከወደቀች ግን ሽማግሌ ሊልክ ደጃችን ላይ የሚያንዣብብ አንድ ሰው አለ፤ ስሙ ሲነሳ የስንዱ ፊት ኮሶ እንደጠጣ ሰው ይጨማደዳል። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ጓሳ፣ ያ የጋራ የሣር ምድራችን፣ ሲዘጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ሣሩ እስኪደርስ ማንም አያጭድም፣ በግ አይገባም፣ የገባ ይቀጣል። አባቶቻችን በዚህ ሕግ ሣር አሳድገውበታል፤ እኔ ልጅ ባሳድግበት ምን አለበት? ቤቴ ገብቼ አዋጅ ተናገርኩ። «ያ የገብሱ ጆንያ ያለበት ጥግ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጓሳ ተዘግቷል። ሰውም በግም ዶሮም ድርሽ እንዳይል!»

ባለቤቴ ወርቄ ወገቧን ይዛ አየችኝ። «ጓሳስ ሲዘጋ ሣር ያበቅላል። ገብሱን ከዘጋህብኝ አንተ ምን ልትበላ ነው?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ወርቄ» አልኳት በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ የገበያ ቀን ካልሆነ በቀር ከደጃፌ አልነቃነቅም። አውራ ዶሮው ሲጮህ አባርረዋለሁ፤ የማባረሬ ጩኸት ግን ከእሱ ይብስ ነበር። አላፊ አግዳሚውን ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «እሽሽ!» እላለሁ። የእኛን አገር ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ጠይቆ፣ ከብቱን ጠይቆ፣ አዝመራውን ጠይቆ ነው የሚያበቃው። ያን ሁሉ በእጅ ምልክት አደረግሁት። «በጎቹ ደህና ናቸው» በጣት እንዴት እንደሚባል እስቲ ሞክሩት።

ሁሉም ጸጥ ሲል ደግሞ እኔን ጭንቅ ይይዘኛል። የኔታ ትዝ ይሉኛል።

«ስንዱ! እያጠናሽ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በይ አጥኚ፤ አልረብሽሽም።»

ጥቂት እቆያለሁ። አላስችል ይለኛል።

«ስንዱ! ተኛሽ እንዴ?»

«አልተኛሁም!»

«ጎሽ! አልረብሽሽም ብያለሁ።»

ታዲያ ጎረቤት መቼ ዝም ብሎ ያያል? ቤተሰቡ በሹክሹክታ የሚያወራበት፣ አባወራው ደጃፍ ላይ የሚቆዝምበት ቤት በእኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው። እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አገልግል ይዘው፣ ከኋላቸው መንደሩን አስከትለው መጡ። እትዬ አስካለ ለቅሶ ሲደርሱ ሟቹም የሚሰማቸው ይመስለኛል። አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉኝ።

ደስ አለኝ! ወሬው ደርሷቸው ጥናቱን ሊመርቁ የመጡ መስሎኝ። «አሜን፣ አሜን! እኛማ በዚህ ዕድሜያችን ምን እናጠናለን፣ እትዬ፤ ለስንዱ ነው እንጂ!»

«ስንዱ? ስንዱ ምን ሆነች?»

«ያቻት፣ ጥጉ ውስጥ» አልኩ በኩራት። «ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላለች። ትንፍሽ የለ!»

«ወይኔ ልጄን!»

ያችን እሪታ የጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳይሰሟት አልቀሩም። መንደሩ ተቀበለ። ወርቄ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና ማን እንደሞተ ሳታውቅ አብራ ማልቀስ ጀመረች። እኔም የሰው እንባ አይቼ ዓይኔ ሞላ፤ ምን ላድርግ? በዚህ መሀል ስንዱ መጽሐፏን እንደያዘች ከጥጓ ብቅ አለች። ግማሹ አማተበ። ግማሹ ወደ በሩ ሸሸ። እትዬ አስካለ ግን እንባቸውን ጠርገው ቱግ አሉ።

«አንቺ! ካልሞትሽ ምን ይጎልትሻል እዚያ?»

«እያጠናሁ ነው፣ እትዬ።»

«አፍ የለሽም? ድምፅሽን አታሰሚም? እኔን ከነአገልግሌ ያስለፋሽኝ!»

እህሉ ግን ተመልሶ አልሄደም። ለቅሶ ተብሎ የመጣ እንጀራ፣ የሞተ ሰው ሲታጣ እንዴት ይጣፍጥ መሰላችሁ! የተዘጋው ጓሳ በዚያው ቀን ተከፈተ፤ ሰዉ ጥጉ ውስጥ ገብቶ የገብሱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ በላ። እኔ ግን ማን ሊመልሰኝ፤ በማግስቱ መልሼ ዘጋሁት።

ውጤት ሲመጣ ስንዱ አለፈች። ያውም ከክፍሉ ሁሉ በላይ ሆና! ያንዣበበው ሰውዬም ሽማግሌዎቹን ይዞ ወደ ሌላ ደጃፍ ዞረ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሰብስቦ እኔን «ሞዴል ወላጅ» ብሎ ወደ ፊት አወጣኝ። ስለ ጥጉ፣ ስለ ጸጥታው፣ ስለ አውራ ዶሮው በሰፊው አስረዳሁ፤ ሰው አጨበጨበ። እትዬ አስካለ እንኳ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡልኝ። መምህሩ ወደ ስንዱ ዞረው «አባትሽ ካደረጉልሽ ሁሉ የበለጠ የረዳሽ የቱ ነው?» አሏት። ደረቴን ነፋሁ።

ስንዱ ትንሽ አሰበችና «አባዬ ሞላሌ ገበያ በሄደ ቀን ነው ያጠናሁት» አለች።