የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ በአንድ መስመር

የበደለኝን ሰው ስም ልጥራ፤ ደረጀ ይባላል። ጊዜውም የመብራት መሥሪያ ቤታችን ለሁለት የተከፈለበት ክረምት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቂም ይረሳል የሚሏችሁን አትመኑ። እኔ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ እንጂ ደረጀን አልረሳም።

ያኔ መቱ ከተማ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ወሬው መጣ፤ ማመንጫው ለብቻ፣ ማከፋፈያው ለብቻ ሊሆን ነው፤ ንባቡም ለግል ድርጅት በኮንትራት ሊሰጥ ይችላል ተባለ። ሠራተኛው እንደ አዲስ ይደለደላል፤ ቦታ ያጣው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ዋና የሚችል መሆን አለበት... እኔ የሶርን ፏፏቴ እንኳ የማየው ከሩቅ ነው።

ለድልድሉ ቅጽ ታደለን፤ «የሚሠሩትን ሥራ በዝርዝር ይግለጹ» ይላል። ደረጀ የቅርንጫፋችን ሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፤ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ብዙ እንዳይጽፉ።»

«ለምን?»

«የሚያውቁትን ሁሉ ከዘረዘሩ ለኮንትራክተሩ ይሰጡታል። ከዚያ እርስዎ ምን ያደርጉላቸዋል?»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። እህቴ «ወጡ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?» ብትለኝ «ጨው» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ። ምክሩ አንጀቴ ገባ። የትኛው ቆጣሪ ከዶሮ ቤት ጀርባ እንደተሰቀለ፣ የትኛው ግቢ በየት በኩል እንደሚገባ አንድም ቀን በወረቀት አስፍሬ አላውቅም። ቅጹ ላይ «ቆጣሪ አነባለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በብልጠቴ ኮርቼ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ድልድሉ ተለጠፈ። ስሜን ከላይ ወደ ታች ፈለግኩ፤ ከታች ወደ ላይ ፈለግኩ። በመጨረሻ ለብቻው በተለጠፈ ወረቀት ላይ አገኘሁት... ተንሳፋፊ። ደረጀስ? የንባብ አስተባባሪ። ለካ እሱ ቅጹን ሦስት ገጽ ሞልቶታል፤ ጓሮውን፣ አቋራጩን፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር። ከየት አወቀው አትሉም? ሻይ በጠጣን ቁጥር ያወራሁለት እኔው ነኝ። ከመሥሪያ ቤቱ የደበቅኩትን ለደረጀ በነፃ ዘርግፌዋለሁ።

ቅሬታ አስገባሁ። ሁለት የቅሬታ ኮሚቴ ሰዎች መጡና «ማስረጃ አለዎት?» አሉኝ።

«ማስረጃዬ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ተነሡ እንሂድ። ደረጀም ይምጣ።»

ዝናብ ነው፤ የመቱን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ኮሚቴዎቹ የስብሰባ ጫማ አድርገዋል። የመጀመሪያው ግቢ በር ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ቆሞ ጥርሱን አሳየን። ደረጀ ቆመ።

«ግባና አንብብ እንጂ» አልኩት።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ታላቅ ነዎት።»

«በድልድሉ ጊዜ ታላቅነቴን ማን አስረሳህ?»

ያን ሁሉ ዓመት ስለፈልፍ የውሾቹን ስም ብቻ አልነገርኩትም ነበር። ውሻውን «ቡቺ» አልኩት፤ ጅራቱን እየቆላ መንገድ ለቀቀልኝ። የቤቱ እመቤት ወጣች።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ አስካለ? እነዚህስ እነማን ናቸው?»

«የኔን ሥራ የሚሠሩት ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

አንደኛው የኮሚቴ ሰው ጃንጥላውን በአገጩ ይዞ ማስታወሻ ጻፈ።

ቦታዬ ተመለሰልኝ። ይህን የሰሙ ሌሎች አራት ተንሳፋፊዎች ቤቴ መጡ፤ ሥራቸውን እያስነገርኩ በዝርዝር ጻፍኩላቸው። በቀጣዩ የማኅበሩ ምርጫ ከደረጀ ጋር ተወዳደርኩ፤ ተመረጥኩ። የቢሮውን ቁልፍ ሲያስረክበኝ በጽሑፍ ተረከብኩ። ቅጂውን አስቀምጫለሁ።