ሞተሩ ሠርቶ እግሬ ሲመሰገን

በእኛ አገር ሥራ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ ሲለፉ መታየትም ያስፈልጋል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ወስዳችሁ ጠጋኙ አንዷን ሽቦ ነካ አድርጎ ወዲያው ቢያናግረው ቅር ይላችኋል። «ይህንንማ እኔም አላጣውም ነበር» ትላላችሁ። ያው ሰው ሬዲዮውን በታትኖ፣ ብሎኑን ጥሎ፣ ተንበርክኮ ብሎኑን ፈልጎ፣ እያለከለከ ቢመልስላችሁ ግን መርቃችሁት ነው የምትሄዱት። ቢሮም ያው ነው። ጉዳያችሁን ቶሎ የጨረሰላችሁ ሠራተኛ ሥራ ፈት ይመስላችኋል፤ ከፋይል ክምር ጀርባ ሆኖ «ነገ ተመለሱ» የሚለው ደግሞ ታታሪ። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሳይክል ነው።

የምኖረው መርሳ፣ የማስተምረው ሲሪንቃ ነው። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ባጃጆቹ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሚኒባስ ሲገኝም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለመሄድ እንኳ ዘመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳይክል ገዛሁ። ሳይክል ሜዳ ላይ ሰውን ይሸከማል፤ አቀበት ላይ ግን ሰው ነው ሳይክሉን የሚሸከመው። ጠዋት ክፍል ስገባ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ ጠመኔው በእጄ ርሶ፣ የፊት ወንበር ተማሪዎች ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሲሸሹ አይ ነበር። ርእሰ መምህራችን ግን ወደደኝ። በየስብሰባው «እንደ እሱ የሚለፋ መምህር አሳዩኝ» ይል ነበር። ያስተማርኩትን ሳይሆን ያላበኝን ነበር የሚያየው።

ባለቤቴ ሰዓዳ ደግሞ ላቤን የምታውቀው ከእጥበቱ በኩል ነው። አንድ ቀን «ወይ ሳይክሉን መላ በለው፣ ወይ ሸሚዝህን ራስህ እጠብ» አለችኝ። ምርጫው ቀላል ነበር። ወልዲያ ውስጥ ባጃጅ የሚጠግን ተስፋዬ የሚባል ሰው ለሳይክል ሞተር ይገጥማል ሲሉ ሰምቼ፣ ሳይክሌን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። ተስፋዬ የኋላውን ጎማ አውጥቶ በምትኩ ሆዱ ውስጥ ሞተር ያለበት ጎማ ገጠመ፤ ባትሪውን በቦርሳ ሸፍኖ ከኮርቻው ሥር አሰረው፤ ሽቦውን እስከ እጀታው ጎተተ።

«ከእንግዲህ መምህር፣ ፔዳሉ ለእግርዎ ማረፊያ ነው» አለኝ።

የሞተር ሰዎች እጀታ መጠምዘዙን «ነዳጅ መስጠት» ይሉታል። እኔም ነዳጅ በሌለበት አገር፣ ነዳጅ ለማያውቅ ነገር ነዳጅ ሰጠሁ። ሳይክሉ ድምፅ ሳያሰማ አቀበቱን ተያያዘው። እግሬን አንፈራጥጬ፣ ነፋሱን እየጠጣሁ፣ ሣር የተሸከሙ ሴቶችን አልፌ ስወጣ አንዷ «ቢስሚላህ!» ብላ ከመንገድ ዞር አለች። ትምህርት ቤት የደረስኩት ደርቄ፣ ፀጉሬ እንደተበጠረ ነው።

ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ሸሚዜን አየ። «ምነው፣ አሞሃል?» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተሟሟቀ። አንዱ ሲሪንቃ ቤት ተከራይቷል አለ፤ ሌላው ቤቱ ባዶ አይደለም አለ፤ ሦስተኛው ሙሽራዋን በዓይኑ አይቷል። ወሬው መርሳ ሲገባ ሰዓዳ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ትንሽ ዘገየ። ላብ ለካ የጋብቻ ምስክርም ኖሯል።

በዚህ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ተጨመረ። ከመርሳ መውጫው ላይ አስቆመኝና ሳይክሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ሞተር ነው ሳይክል?»

«ሳይክል ነው።»

«እግርህ አይንቀሳቀስም እኮ።»

«ሞተር ስላለው ነው።»

ትንሽ አሰበና ፈረደ፦ «እንግዲያው ሞተር ከሆነ ታርጋ አምጣ፤ ሳይክል ከሆነ እግርህን አንቀሳቅስ።»

አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ባየሁ ቁጥር ፔዳሉን በባዶው ማሽከርከር ሆነ ሥራዬ። ሞተሩ ይጎትታል፤ እኔ ለደንቡ እራገጣለሁ። አቀበት ላይ አፌን ከፈት ማድረግ፣ ወገቤን ጎበጥ ማድረግም ለመድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ «እፎይ!» እላለሁ። ሙሽራዋ ከወሬ ጠፋች፤ ርእሰ መምህሩም ታረቀኝ። ሁሉም ሰላም ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ይመር ክፍሌ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኩፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹታል። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ስኳር አለባቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት አልቆባቸዋል፤ ሲሪንቃ ተጠይቆ የለም፤ መርሳ አለ ተብሏል።

«ምን ሆኑ፣ ጋሽ ይመር?»

«ፋጤ ደከመችብኝ ልጄ። ስጠራት አትሰማኝም። መኪና ብል ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው። ያንተ እግር ካላወጣኝ ማን አለኝ?»

«እግሬ አይደለም» ማለት በዚያ ሰዓት አይቻልም። ወጣሁ። ያን ቀን መብራት ስላልነበረ ባትሪዬን አልሞላሁትም። መርሳ እስክደርስ እሺ አለኝ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው በበረዶ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። የመጨረሻው አቀበት ግርጌ ስደርስ እጀታውን ብጠመዝዘው፣ ብጠመዝዘው ዝም። ሞተር የተሸከመ ሳይክል ባትሪው ሲያልቅ እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። ረገጥኩ፤ ወገቤ እምቢ አለ። ወርጄ ገፋሁ። በረዶው ቀልጦ በሆዴ ላይ ሲወርድ መድኃኒቱ የተበላሸ እየመሰለኝ እየሮጥኩ ገፋሁ። ጋሽ ይመር ግቢ ስገባ በሩ ላይ ተዘርፍጬ ተቀመጥኩ። እሳቸውን ሊያይ የተጠራው የጤና ጣቢያው ሠራተኛ መድኃኒቱን ተቀብሎኝ ገባ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከውስጥ የእትዬ ፋጡማ ድምፅ «ማነው በሩ ላይ እንዲህ የሚያለከልከው?» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ይመር ፊታቸውን በኩፍያቸው ሸፈኑ። እኔም ላቤን የምጠርግ መስዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ከዚያ ወዲያ እግሬ ዝነኛ ሆነ። ገበያተኛው ቆሞ ባቴን ያያል። ርእሰ መምህሩም ሳያማክረኝ፣ ወልዲያ በሚደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የሳይክል ውድድር ወረዳችንን ሐብሩን እንድወክል አስመዘገበኝ። ለሰዓዳ ስነግራት «ባትሪውን ይዘህ ከሄድክ ሌብነት ነው» አለች፤ «ትተህ ከሄድክ ደግሞ... አላህ ይርዳህ።»

ባትሪውን ከነሳይክሉ ትቼ፣ ተራ ሳይክል ተውሼ ሄድኩ። ውድድሩን ላሳጥርላችሁ፤ ከእኔ በኋላ የደረሰው አምቡላንሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር ሊያዩኝ ወልዲያ ድረስ መጥተው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ውኃ ሰጡኝ። ሰኞ ጠዋት አላስችል አለኝና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳይክሌን ገልብጬ አቆምኩላቸው። ቦርሳውን ከፍቼ ባትሪውን አሳየሁ፤ ሽቦውን አሳየሁ፤ እጀታውን ጠምዝዤ ጎማው በራሱ ሲሽከረከር አሳየሁ። «ይኸውሎት ጋሽ ይመር። አቀበቱን የሚወጣው ይሄ ነው። እኔ በባዶው ነው የምራገጠው።»

የሚሽከረከረውን ጎማ እስኪቆም ድረስ አዩት። ከዚያም በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተው ልጄ» አሉ፤ «ተሸነፍኩ ብለህ እንዲህ ራስህን አታዋርድ። ያንን መድኃኒት ይዘህ ስትገባ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ላብህ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ። ያገኘህ ዓይን ነው። ገበያው ሁሉ ባትህን እያየ ሲያወራ ታዲያ ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም፤ ወገባቸውን ይዘው ፊቴ ቁጢጥ ብለዋል። ዱዓቸውን በለሆሳስ ጀመሩ፤ እግሬ ላይ እትፍ እትፍ ሊሉልኝም ከንፈራቸውን አሾሉ። ተማሪዎቹ ቆመው ያያሉ።

ምን ላድርግ? ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ጉልበቴን ሰጠኋቸው።