የቦርጫሙ ሆድ ይቀነስ ተብሎ የተሰበሰብንበት ቃለ ጉባኤ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የሰፈራችን የአሻንጉሊት ቲያትር ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የሾሙኝ አክብረውኝ አይደለም። በደንባቸው ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም፤ አፌን ሊለጉሙ ሹመት ሰጡኝ።

ቀን፦ ቅዳሜ። ሰዓት፦ ዘጠኝ ተብሎ አሥር። ቦታ፦ ቲያትሩ የሚታይበት ሜዳ፣ መጋረጃው ፊት።

የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ (የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ)፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እኔ። ያልተገኘ፦ አናጢው። ሚስቱ "ሞቷል በያቸው ብሎኛል" ብላ ከበር መልሳናለች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ከአምስት በታች አይወሰንም ይላል። አንድ ጎደለ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ራስ መላጨት እንጂ በራስ ማሰብ ያልፈጠረበት፣ ቦርጫሙ አሻንጉሊት ወንበር ተሰጥቶት እንደ አባል ይቆጠር ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሊቀ መንበሩ "እሱ ቢያንስ አያቋርጠኝም" አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። (ምራቴ ስለ ሊቀ መንበሩ "አሉ" ልበል ትለኛለች። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው፤ "አለ" ብለሽ ጻፊ።)

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ቦርጫሙ ሆድ። የቦርጫሙን የእንጨት ራስ የጠረብኩትም፣ ድምፁን የምሰጠውም እኔ ነኝ። በተረቱ የጎረቤቱን እህል ይሰርቅና "እኔ አልበላሁም!" ይላል፤ ሜዳው ሁሉ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ "ሆድህን አሳየን!" ይለዋል። ሆዱ ከጠፋ ተረቱም ጠፋ ማለት ነው። ሊቀ መንበሩ ግን ይህን ቃል መንገድ ላይ ሲያልፍ ልጆች እንደሚጮኹበት፣ ይህም ሥልጣንን መድፈር እንደሆነ ገለጸ። ልብስ ሰፊዋ "ልብሱን የሰፋሁት ለአሻንጉሊቱ ነው፤ ልክዎ ከሆነ ምን ላድርግ?" አለች። ከረጅም ውይይት በኋላ፦ የሆዱ ጥጥ እንዲወጣ፤ ሕዝቡ "ሆድህን አሳየን" በማለት ፈንታ "እናምንሃለን" እንዲል፤ በፀጉር አስተካካዩ አሳሳቢነትም ሳቅ በዕድሜ ተራ እንዲሆን፣ ታላቅ ሳይስቅ ታናሽ እንዳይስቅ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ አፈጻጸም። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠችና "አባል ቃሉን ሳይሰጥ ሆዱ አይቀደድም። አባል ሳይሰማ አይቀጣም የሚለውን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አለች። ሊቀ መንበሩ "ጨርቅ ደግሞ ምን ሊል ነው?" ብሎ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ ቢጠየቅ ግን አያውቅም።

ጸሐፊ አይናገርም። አባል ይናገራል። እጄን ከቦርጫሙ ቀሚስ ውስጥ ከተትኩ።

አባል ቦርጫሙ የሚከተለውን ተናገረ፦ "የተከበራችሁ ጉባኤተኞች! ሆዴን ውሰዱት። ጥጡን ግን የት ልታስቀምጡት ነው? የሊቀ መንበሩ መጋዘን እንደሆነ ያስገባል እንጂ አያስወጣም።"

ለካ ጭቅጭቃችንን የሰማ ሰፈርተኛ ቲያትሩ የተጀመረ መስሎት ሜዳውን ሞልቶታል። ሊቀ መንበሩ ብድግ አለና "እኔ አልበላሁም!" ብሎ ጮኸ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሜዳው በአንድ አፍ "ሆድህን አሳየን!" አለ። ሳቁም በዕድሜ ተራ አልነበረም።

ሊቀ መንበሩ ጣቱን ወደ ቦርጫሙ ቀስሮ "ይህ ጨርቅ አባል አይደለም! ከመጀመሪያውም አባል አልነበረም! ይጻፍ!" አለኝ። ይኸው፣ ተጻፈ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች "እንግዲያው አራት ነን" አለች።

ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ከላይ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። ፀጉር አስተካካዩ "ይህንንም የወሰንነው አራት ሆነን ነው እኮ" ቢል ሰሚ አላገኘም። በሕይወቱ አንድ ቀን ቢያስብ ለዚህ ሆነ።

ስብሰባው ሊቀ መንበሩ ኮቱን ሆዱ ላይ ለመቆለፍ ሲታገል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ቦርጫሙ ከነሆዱ መስቀያው ሚስማር ላይ ነው።

በይ ልጄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድ ቦታ "አሉ" ብለሽ እንደሆነ ጆሮዬ ይይዝሻል።